ብረት፣ ጣውላና መጽሐፍ፦ በአነስተኛ ወጪ የቤት መደርደሪያ ስለ መሥራት

በብዙ የአዲስ አበባ ቤቶች መጽሐፍ የሚገኘው ካርቶን ውስጥ፣ አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ ወይም ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለች ጠባብ ክፍተት ነው። ባለቤቱ መጽሐፍ ጠልቶ አይደለም፤ ማስቀመጫ አጥቶ ነው። ካርቶን የገባ መጽሐፍ ግን እንዳልተገዛ ይቆጠራል። ልጅ አያየውም፣ እንግዳ አንስቶ አይገልጠውም፣ ባለቤቱም በፈለገው ሰዓት አያገኘውም። ስለ መደርደሪያ መጻፍ ለእኔ ስለ ንባብ መጻፍ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ገበያ የወጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምርጫ ይገጥመዋል። አንደኛው የቺፑድ መደርደሪያ ነው፤ ዋጋው የሚቀመስ ነው፣ ነገር ግን መጽሐፍ ሲሞላበት ሆዱ ይወርዳል፣ አንዴ ቤት ሲቀየርም መጋጠሚያው ይላላል። ሁለተኛው አናጺ ከዋንዛ የሚሠራው ነው፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፣ ለደመወዝተኛ ግን ዋጋው ሩቅ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ጥቁር የብረት እግርና ያልተሸፈነ ጣውላ የተጣመሩበት፣ ዛሬ በየካፌውና በየቢሮው የምናየው «ኢንዱስትሪያል» የሚባለው አሠራር። ይህ ዳሰሳ የአሠራሩን አመጣጥ፣ የመጽሐፍን ክብደት፣ የጣውላውንና የብረቱን አማራጮች፣ አገጣጠሙንና አጨራረሱን በየተራ ይመለከታል። ድምዳሜዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ ወጪውን የሚቀንሰው የዕቃው መርከስ ሳይሆን የልኩ መታወቅ ነው። የድጋፎቹ ርቀት አጭር፣ ጣውላው ደረቅ፣ ማሰሪያው የሚፈታ ከሆነ መካከለኛ ዕቃም ከውድ ዕቃ እኩል ያገለግላል።

አሠራሩ ከየት መጣ

በእኛ አገር መጽሐፍ ለዘመናት የኖረው ተሰቅሎ ነው። የብራና መጽሐፍ በቆዳ ማኅደሩ ይገባና በማንገቻው ከግድግዳ ችካል ላይ ይንጠለጠላል። እርጥበት፣ ምስጥና አይጥ እንዳይደርሱበት የሚጠብቀው ብልህ ዘዴ ነበር። የታተመ መጽሐፍ በብዛት ቤት ሲገባ ግን ማኅደርም ችካልም አልበቃም፤ በጀርባው እየታየ የሚቆምበት መደርደሪያ አስፈለገ።

ብረትና እንጨት ያጣመረው መደርደሪያ የተወለደው ከዕቃ ማከማቻና ከፋብሪካ ነው። በለንደን ማተሚያ ቤት የነበረው ዲሜትሪየስ ኮሚኖ በየጊዜው ለድርጅቱ የሚሠራውን መደርደሪያ እያፈረሱ መጣል ብክነት ሆኖበት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ፣ በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ የማዕዘን ብረት አሰበ። «ዴክሲዮን» የተባለው ይህ ብረት እ.ኤ.አ. በ1947 ለገበያ ቀረበ። በየመጋዘኑና በየመዝገብ ቤቱ የምናየው ባለ ቀዳዳ ግራጫ መደርደሪያ የእርሱ ዘር ነው። በ1949 ደግሞ የስዊድኑ ቦኒየር ማተሚያ ድርጅት ርካሽ፣ ለማጓጓዝ ቀላልና ማንም ሊገጣጥመው የሚችል የመጽሐፍ መደርደሪያ ለማግኘት ውድድር አወጣ። መጽሐፍ ሻጩ የገባው ነገር ግልጽ ነበር፤ ማስቀመጫ የሌለው ሰው መጽሐፍ መግዛት ያቆማል። ያሸነፈው ኒልስ ስትሪኒንግ ነበር። የእርሱ ሥራ ሁለት መሰላል የመሰሉ የሽቦ ጎኖችና በመካከላቸው የሚያርፉ ጣውላዎች ናቸው፤ ስሙ «ስትሪንግ» ሲሆን እስከ ዛሬ ይመረታል።

በ1950 አሜሪካ ውስጥ ቻርልስና ሬይ ኢምስ የማዕዘን ብረትና ኮምፔርሳቶ አጣምረው የቤት መደርደሪያ አወጡ። በ1952 ሻርሎት ፔሪያን ፓሪስ ለሚገኘው የሜክሲኮ ተማሪዎች ማደሪያ ከዣን ፕሩቬ የብረት ወርክሾፕ ጋር የሠራችው የመጻሕፍት መደርደሪያም እንጨቱንም ብረቱንም ሳይደብቅ አሳየ። በኒውዮርኩ ሶሆ ሠፈር ደግሞ ሥራ ያቆሙ ፋብሪካዎችን ሠዓሊዎች ተከራይተው ኖሩባቸው፤ ከተማዋም በ1971 ለአርቲስቶች በሕግ ፈቀደች። ጡቡ፣ ቱቦውና የፋብሪካው መደርደሪያ እንዳለ የቤት ዕቃ ሆነ። ጆአን ክሮንና ሱዛን ስሌሲን በ1978 ያሳተሙት «ሃይ ቴክ» የተባለ መጽሐፍ ይህን አኗኗር ወደ ሰፊው ሕዝብ አደረሰው።

ከሁሉም በላይ ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው ጣሊያናዊው ኤንዞ ማሪ ነው። በ1974 ከተራ ጣውላና ምስማር ብቻ የሚሠሩ 19 የቤት ዕቃዎችን ንድፍ አሳትሞ፣ የፖስታ ወጪውን ለሸፈነ ሁሉ ላከ። ዓላማው ሰው የሚቀመጥበትንና የሚበላበትን ዕቃ በገዛ እጁ ሠርቶ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት እንዲማር ነበር። ይህን ሐሳብ ከልቤ እደግፋለሁ። መደርደሪያ አንድ ጊዜ የሠራ ሰው ከዚያ በኋላ የሱቅ ዕቃ ሲያይ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ሳይሆን መጋጠሚያው ላይ ነው።

መጽሐፍ ምን ያህል ይከብዳል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ መካከለኛ መጽሐፍ 15 በ22 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2.5 ቢሆን ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ ይበልጣል። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ጣውላ ላይ 40 ያህሉ ይቆማሉ፤ ይህ 24 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። መዝገበ ቃላት፣ ትልልቅ የሥዕል መጻሕፍትና የተጠረዙ ጋዜጦች ሲሆኑ እስከ 50 ሊደርስ ይችላል። ባለ ስድስት ደረጃ መደርደሪያ ሲሞላ ከ100 ኪሎ በላይ ይሸከማል፤ አንድ ኩንታል ጤፍ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆመ ማለት ነው።

ይህን ጭነት የሚወስነው የእንጨቱ ዓይነት ብቻ አይደለም። ጣውላ ሲጫን የሚጎብጠው በሁለቱ ድጋፎች መካከል ባለው ርቀት አራተኛ ኃይል ልክ ነው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ሜትር የሚያርፈው ጭነት ሳይለወጥ፣ ጉብጠቱ 16 እጥፍ ይሆናል። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ጉብጠቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በምሳሌ ላሳይ። 25 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፈረንጅ ጥድ ጣውላ በሜትር 30 ኪሎ ሲጫንበት፣ ድጋፎቹ በ90 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ርቀቱ 120 ሲሆን ጉብጠቱ 6 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ወደ 60 ከተጠጋ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ባለ 1.8 ሴንቲ ሜትር ቺፑድ በ90ው ርቀት ላይ ገና ከጅምሩ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ቺፑድ ጭነቱ ሳይነሳለት በቆየ ቁጥር ደግሞ ጉብጠቱ እየጨመረ ይሄዳል። ዓይን የሚያስተውለው በአንድ ሜትር ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ያለፈውን ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ገንዘብ ያድናል። ሰፊ መደርደሪያ የፈለገ ሰው አንድ ባለ 150 ሴንቲ ሜትር ከሚሠራ ሁለት ባለ 75 ጎን ለጎን ቢያቆም በቀጭንና በርካሽ ጣውላ ይገላገላል። ወፍራም ጣውላ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ርቀቱ በዝቶ ነው።

ጣውላው

ዋንዛ ለቤት ዕቃ የተፈጠረ ይመስላል፤ ቀላል ነው፣ አይጣመምም፣ ለመላጊያ ይታዘዛል። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና የሐበሻ ጥድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር፤ ዛፎቹ ተመናምነው ነው እዚህ የተደረሰው። ለተራ የመጽሐፍ መደርደሪያ ዋንዛ መፈለግ አስፈላጊ ነው ብዬ አላምንም። ከአሮጌ ቤት ወይም ከተሰበረ ቁም ሳጥን የተገኘ የዋንዛ ጣውላ ግን እንደ ወርቅ ይያዝ።

ባህር ዛፍ በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ከተማዋን ከማገዶ ችግር ያወጣ ዛፍ ነው። ጠንካራ ነው፣ በየቦታው ይገኛል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል። ችግሩ ሲደርቅ ነው፤ ይጣመማል፣ ጫፉ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ገጹ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እርጥብ ባህር ዛፍ ገዝቶ በዚያው ሳምንት የገጣጠመ ሰው የበጋው ነፋስ ሲመጣ ጣውላው ሲጠመዘዝ ያያል።

የፈረንጅ ጥድ ለስላሳና ለጀማሪ ምቹ ነው፤ ዓይኑ ይበዛል፣ ዓይኑ ግን ለዚህ አሠራር ውበት ነው። ግራቪሊያ ሲላግ የሚያምር ጥለት አለው፤ ለጥላ ተብሎ ከተተከለና ከተቆረጠ ግራቪሊያ ጥሩ ጣውላ ይወጣል። ኮምፔርሳቶ ቀጥ ያለና የማይሰነጠቅ ቢሆንም ዋጋው ከፍ ይላል። ቺፑድና ኤምዲኤፍ ግን ለመጽሐፍ ሸክም የመጨረሻ ምርጫ መሆን አለባቸው፤ ግድ ከሆነ ርቀቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር አይለፍ።

ሁሉንም አመዛዝኜ ለአነስተኛ ወጪ የማስቀድመው ያገለገለ የግንባታ ጣውላ ነው። ኮንክሪት ሲሞላ ፎርም ሆኖ ያገለገለ ጣውላ በፀሐይና በነፋስ ወራት ያሳለፈ ስለሆነ መጣመም ያለበት ተጣሟል፣ መሰንጠቅ ያለበት ተሰንጥቋል። ቀጥ ያለውን መርጦ መውሰድ ብቻ ነው የሚቀረው። ሲሚንቶው በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ ምስማሩ አንድ በአንድ ይነቀላል። መላጊያ ማሽን ያለው ባለሙያ ሲሚንቶና ምስማር ያለበትን ጣውላ የማይቀበለው ምላጩን ስለሚያጠፋበት ነው፤ ስለዚህ አጽድቶ መውሰድ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ከውጭ ዕቃ ጋር የሚገባ የፓሌት እንጨትም ይሠራል። ማህተሙ ላይ «ኤች ቲ» የሚል ካለ በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤም ቢ» የሚል ከሆነ ግን በመርዝ ጋዝ የታጠነ ነውና ቤት ባይገባ ይሻላል።

አዲስ ጣውላ የገዛ ሰው ትዕግሥት ያስፈልገዋል። ጣውላው ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በጥላ ሥር፣ በመካከሉ ቀጫጭን የእንጨት ቁራጭ እየገባ ይደረደር፤ ጫፎቹ ቀለም ወይም ሰም ይቀቡ፣ ምክንያቱም ጫፉ ከመሐሉ ቀድሞ ስለሚደርቅ ነው የሚሰነጠቀው። መድረቁን ለማወቅ የሚያስፈልገው የኩሽና ሚዛን ብቻ ነው። ከጣውላው መሐል አንድ ስንዝር ያህል ቁራጭ ይቆረጥና ክብደቱ በእርሳስ እዚያው ላይ ይጻፍበት፤ ቁራጩ ከጣውላዎቹ ጋር ይቀመጥ። በየሳምንቱ ሲመዘን ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል፤ ለተከታታይ ሳምንታት መውረዱን ካቆመ አየሩ ሊያደርቀው የሚችለውን ያህል ደርቋል። ይህን ሥራ ክረምት ላይ ከመጀመር ጥቅምት ላይ መጀመር ይሻላል።

ብረቱ

አራት ምርጫ አለ። የመጀመሪያው በውጭ አገር መጽሔቶች የሚታየው የውሃ ቱቦ ነው። ክርና መጋጠሚያ ስላለው ብየዳ አይፈልግም፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ደረጃ ክርን፣ ቲ እና መቆሚያ ስለሚፈልግ የመጋጠሚያው ወጪ ከቱቦው ይበልጣል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ ሲበየድ ደግሞ ከዚንኩ የሚወጣው ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ያመጣል። ለመልክ ሲባል ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

ሁለተኛው የማዕዘን ብረት ነው፤ ጣውላው በጉያው ስለሚቀመጥ ለሥራ ቀላል ነው። ሦስተኛው ቱቦላሬ ነው። 30 በ30፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የማዕዘን ብረትና 30 በ30፣ ውፍረቱ 1.5 የሆነ ቱቦላሬ በሜትር ክብደታቸው እኩል ነው፤ 1.3 ኪሎ ገደማ። ነገር ግን ቱቦላሬው ዙሪያው የተዘጋ ስለሆነ መጠምዘዝን በእጅጉ የበለጠ ይቋቋማል። ብረት ገዢ የሚከፍለው በክብደት ነውና፣ በተመሳሳይ ክብደት የበለጠ ጥንካሬ የሚሰጠው ቱቦላሬ ነው።

አራተኛው ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ነው። ለእግር ሲሆን ይወዛወዛል፤ ከጀርባ ለሚገባ የመስቀል ማጠንከሪያ ግን በጣም ጥሩ ነው። በመርካቶ ምናለሽ ተራ እና በየሠፈሩ ከቆራሌዎች የሚሰበስቡ ነጋዴዎች ዘንድ ያገለገለ ቱቦላሬ፣ የተፈታ የበር ፍሬምና የአልጋ ብረት ይገኛል። ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ይለቃል፤ በጣት ሲጫኑት የሚሰረጉድ ወይም የተበሳ ከሆነ ግን ይተው።

አንድ ልክ በዝርዝር

ለአንድ መካከለኛ ቤት የምመክረው ቁመቱ 180፣ ወርዱ 80፣ ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ ስድስት ደረጃ መደርደሪያ ነው። የታችኛው ጣውላ ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ ወለል ሲታጠብ ውሃ አይነካውም፣ ምስጥም ብረቱን ካልወጣ አይደርስበትም። ከዚያ በላይ በየ34 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ጣውላ ይመጣል፤ ትልቅ መዝገበ ቃላትም ቆሞ ይገባል።

ብረቱ 25 በ25፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ ሲሆን፣ ባለ 6 ሜትር ሁለት ዘንግ ይበቃል። ከመጀመሪያው ሦስት ባለ 180 ቋሚዎችና ሁለት ባለ 20 አግዳሚዎች ይወጣሉ። ከሁለተኛው አንድ ቋሚ፣ አሥር አግዳሚና ሁለት ባለ 75 የጀርባ ማያያዣ ይወጣል። ጥቂት ቁራጭ ይተርፋል። የብረቱ ጠቅላላ ክብደት 12 ኪሎ ገደማ ነው። በዚህ ብረት ሁለት «መሰላሎች» ይበየዳሉ፤ እያንዳንዱ መሰላል ሁለት ቋሚና ስድስት አግዳሚ አለው። ዋናው ነገር ሁለቱ መሰላሎች እርስ በርስ አለመበየዳቸው ነው። የሚያገናኟቸው ጣውላዎቹና ከጀርባ ላይና ታች በብሎን የሚታሰሩት ማያያዣዎች ናቸው። በኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ተበይዶ ያለቀ መደርደሪያ ይዞ መዞር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የሚፈታው ግን በአንድ ሰው ትከሻ አራተኛ ፎቅ ይወጣል፤ ተከራይም ሲለቅ ይዞት ይሄዳል።

ጣውላው ባለ 4 ሜትር ሦስት ፍሬ ይሁን፤ ስፋቱ 12፣ ውፍረቱ ከተላገ በኋላ 2.5 ሴንቲ ሜትር። ከእያንዳንዱ አራት ባለ 80 ቁራጭ ይወጣል፤ የሚተርፈው የተሰነጠቀውን ጫፍ ቆርጦ ለመጣልና ለሚዛኑ ሙከራ ነው። በእያንዳንዱ ደረጃ ሁለት ቁራጭ፣ ቋሚዎቹ የሚያልፉበት ጥጋቸው ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ተትቶ ይቀመጣል። ሰፊ ጣውላ ከመፈለግና በኮላ ከማጣበቅ ይህ ይቀላል፣ ይረክሳልም። ማሰሪያው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 7 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው ነው፤ በጠቅላላው 24። በእያንዳንዱ ቁራጭ ጫፍ አንድ ብሎን ብቻ፣ ከስፋቱ መሐል ላይ ይገባል። ምክንያቱም እንጨት በስፋቱ ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሟሽሻል፤ መሐሉ ላይ አንድ ቦታ የተያዘ ጣውላ በሁለቱም ወገን እንደልቡ ይንቀሳቀሳል፤ በሁለት ጠርዙ የተቸነከረው ግን መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል።

የድጋፎቹ ርቀት 75 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ባለ 2.5 ጣውላ ሙሉ መጽሐፍ ተጭኖበት ጉብጠቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል። መደርደሪያው ከ160 እስከ 180 መጻሕፍት ይይዛል።

ብየዳው ላይ አንድ ምርመራ አይታለፍ። መሰላሉ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ተኝቶ በነጥብ በነጥብ ብቻ ከተያዘ በኋላ፣ ከላይ ግራ ጥግ እስከ ታች ቀኝ ጥግ በሲባጎ ይለካ፤ ከዚያም ከላይ ቀኝ እስከ ታች ግራ። ሁለቱ ልኮች እኩል ከሆኑ መሰላሉ በስኳድራ ነው። ካልሆኑ ረጅሙን ጥግ በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። ሙሉ ብየዳው የሚጠናቀቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከተበየደ በኋላ የሚገኝ ስሕተት በግራይንደር ካልሆነ አይስተካከልም። ሁለተኛውን መሰላል በመጀመሪያው ላይ አስተኝቶ መበየድ ደግሞ ሁለቱ አንድ ዓይነት እንዲሆኑ ያደርጋል።

መሰላሎቹ ቆመው ጣውላው ሲታሰር መደርደሪያው ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ይህ የሁሉም ጀርባ የሌለው መደርደሪያ ጠባይ ነው። ከጀርባ በታችኛው ግማሽ ላይ ሁለት የፌሮ ወይም የጠፍጣፋ ብረት ቁራጭ በመስቀል ቢታሰር ውዝዋዜው ያበቃል። ብዙ ሰው ይህን የሚተወው መልኩን ያበላሻል ብሎ ነው። ለእኔ ግን መስቀሉ የዚህ አሠራር ሐቀኛ ጌጥ ነው፤ ሥራውን እየሠራ የሚታይ ብረት።

ቅባትና ጥንቃቄ

ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ከጸዳና ቅባቱ በቲነር ከተጠረገ በኋላ አንድ ጊዜ አንቲረስት፣ ሁለት ጊዜ ደብዛዛ ጥቁር ቀለም ይቀባል። ያልተቀባ ብረት የሚመርጥ ሰው ግልጽ ቫርኒሽ ካልቀባው እርጥብ ጨርቅ በነካው ቁጥር ይዝጋል፤ ዝገቱም ወደ መጽሐፉ ጠርዝ ይተላለፋል።

ለጣውላው ሁለት መንገድ አለ። ቫርኒሽ ፈጥኖ ይደርቃል፣ እድፍም ይከላከላል። ጥሬ የተልባ ዘይት ደግሞ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ጥለቱን ያጎላዋል፤ ስስ አድርጎ ቀብቶ የተረፈውን መጥረግ፣ ከዚያ ለመድረቅ በርካታ ቀናት መተው ያስፈልጋል። በስተመጨረሻ ንጹሕ ሰም ከዘይቱ ጋር ቀልጦ ቢታሽበት ለስላሳ ገጽ ይሰጣል። ተልባውም ሰሙም የአገር ውስጥ ምርት ናቸው። ነገር ግን በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ውጪ ተዘርግቶ ይድረቅ ወይም ውሃ ውስጥ ይነከር። ለምስጥ ተብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ለአጥር እንጨት እንጂ ለቤት አይሆንም፤ ሽታውም እድፉም ከመጽሐፍ አይለቅም። መጽሐፍ የሚደረደረው ቅባቱ ሽታውን ሙሉ በሙሉ ከተወ በኋላ ነው።

የማያደራድረው ጉዳይ ግድግዳው ላይ ማሰር ነው። 180 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 25 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ነገር፣ ከ100 ኪሎ በላይ ተሸክሞ፣ ሕፃን በጣውላዎቹ ላይ ሲንጠላጠል ወደፊት ሊወድቅ ይችላል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙዎቻችን በየቤታችን ምን እንዳልታሰረ አይተናል። የላይኛው የጀርባ ማያያዣ ላይ ሁለት ቀዳዳ በስቶ በፊሸርና በብሎን ማሰር የአንድ ሰዓት ሥራ አይሞላም። የብዙ ቤቶቻችን ግድግዳ ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ስለሆነ አጭር ፊሸር ይላላል፤ ከተቻለ ከኮንክሪቱ ኮለን ወይም ቢም ላይ ይታሰር፣ ካልተቻለ ለብሎኬት የሚሆን ረጅም ፊሸር ይፈለግ። ከባድ መጻሕፍት ከታች፣ ቀላሎቹ ከላይ ይደርደሩ።

በራስ እጅ ወይስ በባለሙያ

መበየድ የማይችል ሰው ይህን ሥራ መተው የለበትም። ብየዳውን ለሠፈሩ በያጅ ሰጥቶ፣ የእንጨቱን ማጽዳት፣ መቁረጥ፣ መፋቅ፣ መቅባትና መገጣጠም ራሱ ቢሠራ ከወጪው ትልቁን ድርሻ ያድናል፤ ጊዜ የሚበላው እንጨቱ ነውና። ለበያጁ የሚሰጠው ነገር «ልክ እንደ ፎቶው» የሚል የስልክ ሥዕል ሳይሆን ልኩ የተጻፈበት ወረቀት ይሁን። የእጁን ዋጋ ግን አይከራከሩት። መደርደሪያው የሚረክሰው በጥሩ ልክና በትንሽ ብክነት ነው፤ ከባለሙያ ላብ ላይ የሚቀነስ ብር ብየዳው ላይ ተመልሶ ይታያል።

ዝግጁ የቺፑድ ዕቃ መግዛት ስሕተት የማይሆንበት ጊዜም አለ። ጥቂት መጻሕፍት ያሉትና ርቀቱ ጠባብ የሆነ መደርደሪያ ያገኘ ሰው ሊጠቀምበት ይችላል። መጽሐፍ እየጨመረ ለሚሄድ፣ ቤት ለሚቀይርና ልጆች ላሉት ቤተሰብ ግን ተፈትቶ የሚታሰረው የብረትና የጣውላ መደርደሪያ ይበልጣል። የተሰነጠቀ ጣውላ ቢኖር እርሱ ብቻ ይቀየራል፤ መጻሕፍቱ ሲበዙ ሁለተኛው ተሠርቶ ጎኑ ይቆማል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ እንጨት ተራም ሆነ ምናለሽ ተራ ከመውጣትዎ በፊት መጻሕፍትዎን ከካርቶን አውጥተው ወለል ላይ በተርታ ያቁሟቸውና ርዝመታቸውን በሜትር ይለኩ። ያንን ቁጥር በ75 ሴንቲ ሜትር ያካፍሉት፤ ስንት ደረጃ እንደሚያስፈልግዎ ያውቃሉ። ለሚመጡት መጻሕፍት አንድ ደረጃ ይጨምሩና ሥራውን ይጀምሩ።